«ብረት» ስለሚባሉት ብረት ያልሆኑ ነገሮች፤ በአንድ ኮከብና በአንድ ፈለክ ስያሜ ላይ የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃላት ሲተረጐሙ ተርጓሚው አስቀድሞ የሚጠይቀው ቃሉ በአማርኛ አቻ ያለው መሆኑን ነው። አቻ ከተገኘም ሥራው እንዳለቀ ይቈጠራል። ነገር ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ቃሉ በተወለደበት ቋንቋ ውስጥ እውነተኛ ነገር ይናገራልን? የሚለው ነው። ባለሙያዎች በመካከላቸው ተስማምተው በስሕተት የሚጠሩት ነገር ብዙ ነው። እነርሱ ስሕተቱን ስለሚያውቁት አይጎዱበትም፤ ቃሉ ድንበር ተሻግሮ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲገባ ግን ስሕተቱ ብቻውን ይገባል፤ ስምምነቱ በስተኋላ ይቀራል። ለዚህ ከሥነ ፈለክ የተሻለ ምሳሌ የሚሰጥ ሙያ ስላላገኘን፣ አንድ ኮከብና አንድ ፈለክ መርጠን የሚጠሩባቸውን ቃላት ልንመረምር አስበናል።

ኮከቡ በሸርጣን ኅብረ ከዋክብት ውስጥ 55ኛ ተብሎ የተመዘገበው ነው። ሸርጣን የሚለውን ስም ዛሬ መበደር አላስፈለገንም፤ አባቶቻችን ከዐረብኛ ተቀብለው ከሐመል፣ ከሠውርና ከገውዝ ጋር ለዐውደ ነገሥት ቈጠራ ሲገለገሉበት ስለ ኖሩ የቤት ቃል ሆኗል። ኮከቡ ከእኛ 41 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ ጨለማ በሆነ ሰማይ ሥር ጥሩ ዐይን ያለው ሰው በጭንቅ ሊያየው ይችላል። ክብደቱ ከፀሐይ በጥቂት ያንሳል። የፊቱ ሙቀት ወደ 5,200 ኬልቪን የሚጠጋ ሲሆን የፀሐይ 5,770 ያህል ነው። እስከ ዛሬ አምስት ፈለኮች እንደሚዞሩት ታውቋል። ከእነርሱ መካከል አስቀድሞ የተገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የታወቀው፣ ቢያንስ የጁፒተርን ክብደት 0.8 እጅ የሚያህል ግዙፍ ፈለክ ነው። ይህ ፈለክ ኮከቡን በ14.65 ቀን ይዞራል። ለማነጻጸር ያህል፣ ለፀሐይ እጅግ ቅርብ የሆነው ሜርኩሪ አንድ ዙር ለመጨረስ 88 ቀን ይፈጅበታል።

እንግዲህ ባለሙያዎቹ ይህን ጥንድ የሚገልጹበትን ሐረግ አንድ ተርጓሚ መዝገበ ቃላት ከፍቶ ቃል በቃል ቢመልሰው የሚያገኘው የሚከተለውን ነው፤ «በብረት የበለጸገ ብርቱካናማ ድንክ ኮከብና በቅርበት የሚዞረው ግዙፍ ፈለክ»። በዚህ ሐረግ ውስጥ ሰዋስዋዊ ጕድለት የለም። ችግሩ አንባቢው የሚስለው ሥዕል ነው፤ ከምድጃ እንደ ወጣ ብረት ፍም የመሰለች ትንሽ ነገር ታየዋለች። እውነቱ ግን ከዚህ ጋር የሚገናኘው በጣም በጥቂቱ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው «ብረት» ስለ ሆነ ከእርሱ እንጀምር። በአማርኛ ብረት ማለት አስቀድሞ ቀጥቃጩ በመዶሻ የሚመታው፣ የሚዝገው፣ ማረሻ የሚሆነው ነገር ነው። ከዚያ ሰፋ ብሎ ብረት ድስት፣ ብረት ምጣድ፣ ብረት ለበስ እንላለን። በገጠር «ብረቱን አነገተ» የተባለ ሰው ጠመንጃ መያዙን ሰሚው ያውቃል። ለመላው ወገን ስም ሲፈለግ «ብረታ ብረት» ይባላል። በየትኛውም አነጋገር ግን የምንተነፍሰው አየር ብረት ሆኖ አያውቅም። የከዋክብት ተመራማሪዎች ዘንድ ግን ሆኗል። በእነርሱ ልማድ ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም በቀር ያለው ንጥረ ነገር ሁሉ፣ ኦክስጅኑም፣ ካርቦኑም፣ ናይትሮጅኑም፣ ኒዮኑም «ብረት» ነው። ኬሚስት ይህን ሲሰማ ቢሥቅ አይፈረድበትም።

ልማዱ ግን ያለ ምክንያት አልመጣም። የኮከብ ብርሃን በመሣሪያ ተበትኖ በየቀለሙ ሲዘረጋ በውስጡ ጥቋቁር መስመሮች ይታያሉ፤ ከእነዚህም እጅግ ብዙዎቹ የብረት፣ የካልሲየም፣ የማግኒዚየምና የመሳሰሉት ናቸው። በዚህም የተነሣ የከዋክብት ሥሪት ከምድር ሥሪት እምብዛም እንደማይለይ ሲታመን ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ሴሲሊያ ፔይን የተባለችው ተመራማሪ ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም መሆናቸውን አሳየች። በፀሐይ ውስጥ እነዚህ ሁለቱ ከ98 በመቶ በላይ የሚሆነውን ክብደት ይይዛሉ። የቀረው ቍራሽ ሁሉ በአንድ ስም ተጠቃልሎ መጠራት ሲያስፈልገው፣ በመስመሮቹ መካከል ጎልተው ከሚታዩት ስም ተሰጠው። ከቍራሹ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ኦክስጅን መሆኑ ስያሜውን አላገደውም።

«ባለሙያዎቹ ራሳቸው በስሕተት ከጠሩት እኛ ከእነርሱ የበለጠ ጻድቃን ለመሆን ምን አስጨነቀን?» የሚል ይኖራል። መልሱ ቀላል ነው፤ የእነርሱ ቃልና የእኛ ቃል እኩል ስፋት የላቸውም። በእነርሱ ቋንቋ የወገኑ ስምና የብረት ስም ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በአማርኛ ግን አንዱ ቃል ሁለቱንም ይሸከማል። የዚህም ውጤት ተራ ግርታ ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎቹ በኮከብ ውስጥ ያለውን የከባድ ንጥረ ነገር ብዛት ሁሉ አንድ በአንድ ስለማይቈጥሩ፣ መስመሮቹ ግልጽ የሆኑለትን ብረት ለክተው የሌላውን በእርሱ ይገምታሉ። ይህን የአለካክ ሥርዐት በተለመደው ትርጉም ብንጽፈው «የኮከቡ የብረት ይዘት የሚታወቀው በብረት ይዘቱ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር እናገኛለን። ይህ ምንም የማይናገር ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ የሙያ ቃል የሙያውን የመጀመሪያ ትምህርት እንኳ መናገር ካልቻለ፣ መዝገበ ቃላት ውስጥ መግባቱ ምን ይጠቅማል?

ጕዳቱ በዚህ አያበቃም። የሸርጣኑ 55ኛ ኮከብ በብዙ ጽሑፎች የሚነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በውስጡ ያለው ብረት ከፀሐይ ጋር ሲነጻጸር ሁለት እጥፍ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ጊየርሞ ጎንዛሌዝ ግዙፍ ፈለክ ያላቸው ከዋክብት ከባድ ንጥረ ነገር የሚበዛባቸው መሆናቸውን አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ዴብራ ፊሸርና ጄፍ ቫለንቲ ከ1,000 በላይ ከዋክብት መርምረው ነገሩን አጸኑት፤ ይዘቱ እጥፍ ሲሆን ግዙፍ ፈለክ የመገኘቱ ዕድል ወደ አራት እጥፍ ያድጋል። ምክንያቱ እንዲህ ይብራራል። አዲስ ኮከብ በጋዝና በትቢያ ቀለበት ተከቦ ይወለዳል። ትቢያው፣ ድንጋዩና በረዶው እየተጋገረ ዐሥር ምድር የሚያህል እምብርት ከሠራ፣ ያ እምብርት በዙሪያው ያለውን ጋዝ ስቦ ግዙፍ ፈለክ ይሆናል። ይህ ሁሉ ግን ጋዙ ተበትኖ ሳያልቅ፣ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ መፈጸም አለበት። ጥሬ ዕቃው የበዛበት ቤት ፈጥኖ ይሠራል፤ የጐደለበት ግን ጋዙ ይቀድመዋል። ከጥሬ ዕቃውም ብዙው በረዶ ነው፤ በረዶም ውሃ ነው፤ ውሃም ኦክስጅን ያለበት ነው። አሁን በዚህ ታሪክ ውስጥ «ብረት» የሚለውን ቃል እናግባ። አንባቢው የፈለኩ እምብርት የብረት እንክብል ይመስለዋል። ውሃና በረዶ ለምን በብረት መብዛት ይበዛሉ ብሎ ቢጠይቅ መልስ አያገኝም። የተበላሸው አንድ ቃል ቢመስልም የጠፋው ምክንያቱ ነው፤ ለአንባቢ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያቱ ነበር።

ይህ ስሕተት ወደ ራሳችን ቤት ሲመጣ ደግሞ ያሥቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንዳንድ ኮከብና ፈለክ እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ወደ 200 የብርሃን ዓመት በሚጠጋ ርቀት ላይ ያለ ኮከብ ከነፈለኩ ነበር። ኮከቡ «ቡና»፣ ፈለኩ «አቦል» ተብለው ተሰየሙ። ይህም ኮከብ እንደ ሸርጣኑ ሁሉ ከባድ ንጥረ ነገር የበዛበት ነው። እንግዲህ ተርጓሚያችን «ቡና በብረት የበለጸገ ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ ስንት አንባቢ ነገሩን የጤና ዐምድ አድርጎ እንደሚያነበው መገመት አያዳግትም።

ታዲያ በምን እንተካው? «ሜታል» ብሎ መበደር ከችግሩ አያወጣንም፤ በየጋራዡና በየብየዳ ቤቱ የገባ ቃል ስለ ሆነ ከ«ብረት» የሚለየው በድምፁ ብቻ ነው። «ማዕድን» ጨውንና ዕንቍን ቢጨምርም አየርን አይጨምርም። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም በኋላ በከዋክብት ሆድ ውስጥና በፍንዳታቸው የተወለዱ መሆናቸውን አስበን «መጤ» የሚለው ቃል ለጊዜው አስጐምጅቶን ነበር፤ በትርጉሙ ከሁሉ የቀረበ እርሱ ነው። ነገር ግን ቃሉ በሰውና በሰው መካከል የሠራውን ክፉ ሥራ ረስተን ወደ ሰማይ ልናወጣው አልፈለግንም። ግእዙ «ክቡዳን» የሚል ያማረና ሥራ የፈታ ቃል አለው፤ ለአጭር ስያሜ ይመቻል። ይሁን እንጂ አራሚው አንዲት ፊደል ቢስት «ክቡራን» ይሆንና ኮከቡን የመኳንንት ሰፈር ያደርገዋል። ስለዚህ ለጊዜው የምንመርጠው ግልጹን «ከባድ ንጥረ ነገሮች» የሚለውን ነው፤ ኮከቡም «ከባድ ንጥረ ነገሮች የበዙበት ኮከብ» ይባል። ረዝሟል የሚል ወቀሳ ቢቀርብ እንቀበላለን፤ አሳስቷል የሚል ግን አይቀርብበትም። ተርጓሚው «ከባድ ኮከብ» ከሚለው ጋር እንዳያቀላቅለው ብቻ ይጠንቀቅ፤ ያ ስለ ኮከቡ ክብደት ይናገራል፣ ይህ ስለ ሥሪቱ።

ስለ «ብርቱካናማ» ብዙ የምንለው የለንም። አንዳንዱ መዝገብ ይህንኑ ኮከብ ቢጫ ከሚባሉት፣ ሌላው ብርቱካናማ ከሚባሉት መደብ ይጽፈዋል፤ በሁለቱ ድንበር ላይ የሚገኝ ነውና። የመነኮሳቱን ልብስ «ወይባ»ን አስታውሶ ለቀለሙ ሊጠቀምበት የሚሻ ቢኖር፣ «ወየበ» የመደብዘዝ ጣዕም ስላለው አንደግፈውም። ብርቱካናማው ይቈይ።

«ድንክ» ግን በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ቃሉ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሄርትስፕሩንግና ራስል ከዋክብትን በብርሃናቸውና በቀለማቸው ሲደረድሩ ከግዙፎቹ ተቃራኒ ሆኖ የገባ ነው። በዚህ አነጋገር ፀሐያችንም ድንክ ናት። በአማርኛ ድንክ ማለት አስቀድሞ ቁመቱ ያጠረ ሰው ሲሆን፣ ብዙ ጊዜም በስድብ አፍ የሚወጣ ነው። ይህን ብቻ ቢሆን ጆሮ ይለምደዋል ብለን ባለፍነው ነበር። ከባዱ ነገር ቃሉ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ነገሮችን መሸከሙ ነው። ነጭ ድንክ የሞተ ኮከብ ቅሪት ነው፤ ቡናማ ድንክ ኮከብ ለመሆን ያልበቃ አካል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ፕሉቶ የተመደበችበት ድንክ ፈለክ ደግሞ በኅብረቱ ውሳኔ ከፈለኮች ቍጥር የወጣ ነው። ብርቱካናማው ድንክ ግን ምንም ያልጐደለው ሙሉ ኮከብ ነው። አንባቢው ከፕሉቶ ተነሥቶ «ድንክ ኮከብ» ማለት ከከዋክብት ቍጥር የተሰረዘ ማለት ነው ብሎ ቢደመድም፣ ያሳሳትነው እኛ ነን።

ለዚህ የሚሆን ቃል በእጃችን እያለ መዞራችን ይገርማል። ባለሙያዎቹ ድንክ የሚሏቸው ከዋክብት በእምብርታቸው ሃይድሮጅንን ወደ ሂሊየም እየለወጡ የሚያበሩ፣ በአንድ ሰልፍ የተደረደሩ ናቸው፤ ሰልፉን «ዋና ተራ» ብንለው ቃሉ ይመልሳል። በመርካቶ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ ስንል አንድ ዐይነት ሥራ የያዙ ሰዎች የተደረደሩበትን ቦታ ማለታችን ነው፤ የከዋክብቱም ሰልፍ ከዚህ አይለይም። ኮከቡም «የዋና ተራ ኮከብ» ይባል። «ተራ» የመናቅ ስሜት አለው የሚሉን አሉ፤ አለው፣ ነገር ግን ብዙኃኑን ከዋክብት ለመጥራት መጠነኛ ትሕትና አይከፋም። ቃሉ ሌላም ጥቅም አለው። ስለ ሸርጣኑ ኮከብ አንዳንድ ተመራማሪዎች በዕድሜ ገፍቶ ከሰልፉ ፈቀቅ ማለት ጀምሯል ይላሉ፤ ይህን «ከተራው እየወጣ ነው» ብሎ መናገር ይቻላል። ድንክ ግን ከድንክነቱ እየወጣ ነው ቢባል ምን ይሰማል?

ወደ ፈለኩ እንለፍ። ይህን የመሰሉት ለኮከባቸው የቀረቡ ግዙፎች «ሙቅ ጁፒተር» ተብለው ሲጠሩ ሰምተናል። ሙቅ በማለዳ የሚጠጣውን ስለሚያስታውስ፣ ትኩስም የአዲስነት ትርጉም ስላለው፣ «የጋለ» ብንል ይሻላል። ስለ ቅርበቱ ግን የሚነገረው ከዚህ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ግዙፍ ነገር ዛሬ ባለበት ስፍራ ተወለደ ብሎ ማመን ስለሚያስቸግር፣ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች በረዶ በሚበዛበት በሩቁ ስፍራ ተወልዶ ወደ ኮከቡ ተጠግቷል ይላሉ። ለዚህ «ፍልሰት» ያለ አንዳች ችግር ያገለግላል። አንድ ዙር የሚፈጅበትን ጊዜ «ዓመት» ማለት ግን አይመችም፤ የእኛ ዓመት መስከረምና ክረምት ያለው ነው፤ 14 ቀን ተኩል ዓመት ሲባል ቅኔ ይመስላል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ለተመላላሽ ዘመን ሁሉ «ዐውድ» ይላሉ፤ 19 ዓመቱ ዐውደ አበቅቴ፣ 28ቱ ዐውደ ፀሐይ፣ 76ቱ ዐውደ ማኅተም፣ 532ቱ ዐውደ ቀመር ነው። እንግዲህ የፈለኩ ዐውድ 14.65 ቀን ነው ቢባል ቃሉ ወደ ጥንት ሥራው ተመለሰ እንጂ አዲስ አልተፈጠረም። የሥነ ልሳን ባልደረቦቻችን በበኩላቸው ዐውድን የአንድ ቃል አካባቢ ለማለት ይዘውታል፤ ሙያዎቹ የተራራቁ ስለ ሆኑ በአንድ ገጽ ላይ ይጋጫሉ ብለን አንሰጋም፤ ምናልባት ይህ ገጽ ብቻ ካልሆነ በቀር።

የቀረው የተጸውዖ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኅብረቱ የሸርጣኑን ኮከብ ኮፐርኒከስ፣ ግዙፉን ቅርብ ፈለክ ጋሊሌዮ አለው፤ የቀሩት አራቱም በጥንት ተመራማሪዎችና መነጽር ሠሪዎች ስም ተጠሩ። ስም ሲወጣ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ኅብረቱም ቢሆን አይቶታል፤ ከአምስቱ አንዱ ሊፐርሼይ ተብሎ ከተሰየመ በኋላ የሰውዬው እውነተኛ ስም ሊፐርሃይ መሆኑ ተደርሶበት እ.ኤ.አ. በ2016 ታርሟል። ለእኛ ግን ሌላ ችግር አለ። የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ብሎ ስለማይለይ፣ «ጋሊሌዮ ኮፐርኒከስን ይዞራል» የሚለውን አንባቢ ምን ብሎ ይረዳዋል? «ኮፐርኒከስ ብርቱካናማ ድንክ ነው» የሚለውማ ለሟቹ ሊቅ ስድብ ነው። ቡናም ከሚጠጣው የሚለይበት ምልክት የለውም። መፍትሔው በግእዝ ዘርፍ አያያዝ ስሙን ከወገኑ ጋር ማሰር ነው፤ ኮከበ ኮፐርኒከስ፣ ፈለከ ጋሊሌዮ፣ ኮከበ ቡና፣ ፈለከ አቦል ማለት። ከእነዚህ ሁሉ ስሞች አቦልን እናስበልጣለን። የመጀመሪያው ቡና በመሆኑ ለመጀመሪያው ፈለክ በትክክል ይገባዋል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ቢገኙ ቶናና በረካ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። እንደ ሸርጣኑ አምስት ቢሆኑ ግን ጀበናው ከሦስት በላይ እንደማይወርድ ከወዲሁ እናሳስባለን።

እንግዲህ የተነሣንበትን ሐረግ ደግመን ስንጽፈው «ከባድ ንጥረ ነገሮች የበዙበት፣ የዋና ተራ የሆነ ብርቱካናማ ኮከብና በአጭር ዐውድ የሚዞረው ግዙፍ ፈለክ» ይሆናል። በዚህ ውስጥ ሳንነካው ያለፍነው ቃል «ግዙፍ» ነው። በሊቃውንቱ ትምህርት ግዙፍ የረቂቅ ተቃራኒ ነው፤ የሚዳሰስ፣ የሚጨበጥ ማለት ነው። ይህ ፈለክ ግን አብዛኛው ጋዝ ነው፤ የእርሱ ቢጤ የሆነችው ሳተርን በአማካይ ጥግግቷ ከውሃ ያንሳል። በመጠኑ ግዙፍ፣ በባሕርዩ ረቂቅ የሆነውን «ዐቢይ ፈለክ» እንበለውን? ወይስ ግዙፍ ከጥንት ትርጉሙ ርቋልና ይተው? በዚህ ላይ በመካከላችን ገና አልተስማማንም፤ አስተያየት ያላችሁ ተርጓሚዎች በሚቀጥለው እትም እንድትጽፉልን እንጠይቃለን።